የፅንስ ሕዋስ ምን እንደሚሆን በእርሳስና በወረቀት መከታተል

ቀይ እርሳስ፣ ሰማያዊ እርሳስና ባዶ ወረቀት አዘጋጁ። ለጊዜው ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም። ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው እሰየው፤ የሌለውም ምንም አይቀርበትም።

የፅንስ ዕድገት አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ሁለት ምዕራፎችን ለየብቻ አጥንተው ይመጣሉ። አንደኛው ሕዋሳት እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙ ይናገራል። ሌላኛው አንድ ሕዋስ ነርቭ፣ ቆዳ ወይም ጡንቻ የሚሆነው እንዴት እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱንም ሸምድደዋል። ነገር ግን «ይህ ሕዋስ ጎረቤቱን ቢለቅ ዕጣው ይቀየራል?» ስላቸው ዝም ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ብዙ መማሪያ መጽሐፍ ሁለቱን ነገሮች በመቶ ገጾች አራርቆ ነው የሚያስቀምጣቸው።

ፅንሱ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ርቀት የለም። ሕዋሱ ማንን እንደያዘና ስንት ፊቱ ነፃ እንደሆነ፣ ምን እንደሚሆን ይነግረዋል። የሆነው ነገር ደግሞ በተራው ማንን እንደሚይዝ ይወስንለታል። ይህን ዙር በቃል ከማስረዳት በእጅ ማሳል ይሻላል፤ እኔም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስምንቱን ሕዋሳት ሳሉ

ከአይጥ ፅንስ እንነሳ። ከተፀነሰ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ሲሆነው 8 ሕዋሳት አሉት። ሁሉም በአንድ ግልጽ ሽፋን ውስጥ ናቸው። ሽፋኑን ጨምሮ የጠቅላላው ስፋት ከ0.1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም።

በወረቀቱ ግራ በኩል ተጠጋግተው የተቀመጡ ክቦች ሳሉ። ስምንቱም በአንድ ጊዜ ባይታዩ አትጨነቁ፤ አንዳንዶቹ ከኋላ ናቸው። ክቦቹ ገና ልል ናቸው። እያንዳንዱ ሕዋስ ለብቻው ጎልቶ ይታያል፤ ጎረቤቱን የሚነካውም በትንሽ ቦታ ብቻ ነው። የሚነካካበትን ቦታ በቀይ አስምሩ። ከማንም ጋር ያልተነካካውን፣ ወደ ውጭ የሚያየውን ፊት በሰማያዊ አስምሩ።

አሁን በቀኝ በኩል ያንኑ ፅንስ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሳሉት። የሕዋሳቱ ቁጥር አልተለወጠም፤ መልካቸው ግን ሌላ ሆኗል። ተለጣጥፈዋል። በመካከላቸው የነበረው ስርጉድ ጠፍቶ ፅንሱ አንድ ለስላሳ ኳስ ይመስላል። ይህ መጠቅጠቅ ይባላል። በሰው ፅንስም ይከሰታል፤ ጥቂት ዘግየት ብሎ ከ8 እስከ 16 ሕዋሳት ባሉበት ጊዜ። ቀዩንና ሰማያዊውን እንደገና አስምሩ። ቀዩ መስመር ረዝሟል፤ ሰማያዊው አጥሯል። ግን ልብ በሉ፤ እስካሁን ሰማያዊ ፊት የሌለው ሕዋስ አንድም የለም። ስምንቱም ወደ ውጭ ያያሉ።

ይህን ሥዕል ሳይስሉ «ገባኝ» የሚሉ ተማሪዎች አሉኝ። እባካችሁ ሳሉት። ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሁሉ የሚነበበው ከእነዚህ ሁለት ቀለሞች ነው።

በቀዩ መስመር ላይ የሚሠራው ዋናው ፕሮቲን ኢ-ካድሄሪን ይባላል። ከሕዋሱ ሽፋን ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ የተዘረጋው ክፍል 5 ተከታታይ ቁራጮች አሉት። በቁራጮቹ መገናኛ ላይ ካልሲየም ይገባል። ካልሲየም ሲኖር ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይቆምና የጎረቤቱን ካድሄሪን ይይዛል። ካልሲየም ሲጠፋ ይልፈሰፈሳል። በሕዋሱ ውስጥ ያለው ጫፉ ደግሞ ካቴኒን ከሚባሉ ፕሮቲኖች ጋር ይገናኛል፤ እነሱም አክቲን ወደሚባለው የሕዋሱ ውስጣዊ ክር ያደርሱታል። ስለዚህ በውጭ የተያዘው ነገር በውስጥ ይሰማል። ከካቴኒኖቹ አንዱ፣ ቤታ-ካቴኒን፣ ሌላም ሥራ አለው፤ ሕዋሳት ከሚላላኩባቸው ምልክቶች አንዱ የሆነውን ዊንት የሚባለውን ምልክት ይዞ ኒውክሊየስ ውስጥ ገብቶ ጂኖችን ያስነሳል። አንድ ፕሮቲን በመያያዙም በዕጣ ውሳኔውም ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ይህን ሥዕላችሁ ጥግ ላይ ጻፉት።

ካልሲየሙን አውጡት

አንድ ሕዋስ በመያያዝ ላይ ምን ያህል እንደሚደገፍ ለማወቅ የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ካልሲየሙ ቢወጣስ?» የሚል ይሁን። የተጠቀጠቀውን የአይጥ ፅንስ ካልሲየም በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ብትጨምሩት ይላላል፤ የግራው ሥዕላችሁ ተመልሶ ይመጣል። ካልሲየሙን ስትመልሱ እንደገና ይጠቀጠቃል።

የዚህን ጥያቄ ታሪክ ለተማሪ ሳልነግር አላልፍም። ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ በ1970ዎቹ ከኪዮቶ ወደ ባልቲሞር ሄዶ በካርኔጊ ተቋም ይሠራ ነበር። ኪዮቶ እያለ ትሪፕሲን በሚባለው ኢንዛይም የበታተናቸው ሕዋሳት ተመልሰው ይያያዙለት ነበር። ባልቲሞር ላይ እንቢ አሉት። ልዩነቱን ሲፈልግ ያገኘው በትሪፕሲኑ ፈሳሽ ውስጥ ነው። በአዲሱ ላቦራቶሪ የነበረው ፈሳሽ ካልሲየምን የሚለቅም ኤዲቲኤ የሚባል ኬሚካል ነበረበት። ከዚያ ነገሩ ተገለጠለት። ካልሲየም ባለበት፣ የሚያያይዘው ፕሮቲን ከትሪፕሲን ይተርፋል። ካልሲየም በሌለበት ይቆራረጣል። ውጤቱን በ1977 አሳተመ። ካድሄሪን የሚለው ስም የመጣው በ1980ዎቹ ነው። ዛሬ በአከርካሪ እንስሳት ውስጥ የዚህ ቤተሰብ አባላት ከ100 በላይ መሆናቸው ይታወቃል።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው የሰውየውን ትዕግሥት ነው። «ሕዋሳቱ ተበላሹብኝ» ብሎ ሊደፋቸው ይችል ነበር። አልደፋቸውም። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ዝርዝር አነበበ። እናንተም የምታነቡት ሙከራ ውስጥ ሕዋስ ተበታተነ ሲባል በምን እንደተበታተነ ፈልጉ። በትሪፕሲን ነው? ካልሲየም ነበረበት? መልሱ ውጤቱን ሊገለብጠው ይችላል።

የመጀመሪያው ውሳኔ፦ ሰማያዊ ያለውና የሌለው

አሁን የቀኙን ሥዕል ውሰዱና እያንዳንዱን ሕዋስ ለሁለት ክፈሉት። 16 ይሆናሉ። እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ የክፍፍሉ መስመር አቅጣጫ ትልቅ ነገር ነው።

መስመሩ ከውጭ ወደ መሃል ከወረደ ሁለቱም ልጆች ከሰማያዊው ፊት ድርሻ ይደርሳቸዋል። ሁለቱም ውጭ ይቀራሉ። መስመሩ ከፅንሱ ገጽ ጋር ትይዩ ከሆነ ግን አንዱ ልጅ ሰማያዊውን በሙሉ ይወስዳል፤ ሌላው ዙሪያውን ቀይ ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰማያዊ የሌለው ሕዋስ በፅንሱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው አሁን ነው። የክፍፍል አቅጣጫ ብቻውን ግን ሁሉን አይወስንም። ሰማያዊ ፊቱ ትንሽ የሆነ ሕዋስ በጣም ይኮማተርና ራሱን ወደ ውስጥ ያስገባል። ሁለቱንም መንገድ በቀስት ሳሉ።

ሙሉ በሙሉ ቀይ የሆነው ሕዋስ የሰውነት ምንጭ ይሆናል። ሰማያዊ ያለው ሕዋስ የእንግዴ ልጅን ክፍል ወደሚሠራው ወደ ውጭኛው ሽፋን ይሄዳል። ይህ በአይጥ ፅንስ ውስጥ የመጀመሪያው የዕጣ መለያየት ነው።

ግን ሕዋሱ ሰማያዊ ፊት እንዳለው በምን ያውቃል? እዚህ ላይ ተማሪዎች ስሞች ይበዙባቸዋል፤ ስለዚህ በአንድ ፕሮቲን ብቻ እንከተለው። ስሙ ያፕ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ያፕ ኒውክሊየስ ገብቷል ወይስ አልገባም?

በቀዩ ሕዋስ ውስጥ አንጂዮሞቲን የሚባል ፕሮቲን ካድሄሪን ባለበት መጋጠሚያ ላይ ይሰበሰባል። እዚያ ሆኖ ላትስ የሚባለውን ኢንዛይም ያነሳሳል። ላትስ ያፕ ላይ የፎስፌት ምልክት ያደርጋል። ምልክት ያለበት ያፕ ከኒውክሊየሱ ውጭ ይቀራል። በሰማያዊው ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ነፃው ፊት ላይ የሚሰበሰቡ ፕሮቲኖች አንጂዮሞቲንን ወደራሳቸው ይስቡታል። መጋጠሚያው ላይ አይገኝም። ላትስም ዝም ይላል። ያፕ ኒውክሊየስ ይገባና ቲድ4 ከሚባል ሌላ ፕሮቲን ጋር ሆኖ ሲዲኤክስ2 የሚባለውን ጂን ያስነሳል። ሲዲኤክስ2 የተነሳበት ሕዋስ የውጭ ሽፋን ይሆናል።

በየሕዋሱ ውስጥ ትንሽ ኒውክሊየስ ሳሉና ያፕን በነጥብ አስቀምጡ፤ ወይ ውስጥ፣ ወይ ውጭ። ሥዕሉ ሲያልቅ የእያንዳንዱ ሕዋስ ዕጣ ፊት ለፊታችሁ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እኔ ይህን ሥዕል በሳልኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ጎረቤትን መንካት እንዴት ወደ ጂን እንደሚደርስ ደረጃ በደረጃ መከተል የምንችልበት እንዲህ ያለ ግልጽ ምሳሌ ብዙ አይደለም።

ከሥዕሉ ጀርባ የረዥም ጊዜ ክርክር አለ። በ1967 ታርኮውስኪና ቭሩብሌውስካ የሕዋሱ ቦታ ዕጣውን ይወስናል አሉ፤ ውስጥ ወይስ ውጭ። በ1972 ሂልማን፣ ሸርማንና ግራሃም ምልክት የተደረገባቸውን ሕዋሳት ሌላ ፅንስ ላይ በውጭ በኩል ለጠፉ፤ ብዙዎቹ ወደ ውጭኛው ሽፋን ሄዱ። በሌሎች ፅንሶች ሲከበቡ ደግሞ ወደ ውስጥ ሕዋሳት አዘነበሉ። በ1981 ጆንሰንና ዚዮሜክ ደግሞ ቁም ነገሩ በ8 ሕዋስ ጊዜ በእያንዳንዱ ሕዋስ የውጭና የውስጥ ወገን መካከል የሚፈጠረው ልዩነት ነው፤ ሲከፈል ማን እንደሚወርሰው እዩ አሉ። ሁለቱ ሐሳቦች ለዓመታት እንደ ተቃራኒ ተቆጥረዋል። እኔ እንደማየው ግን በሁለት ቀለም ስትስሉት ይገናኛሉ። ቦታ ማለት ስንት ቀይና ስንት ሰማያዊ እንዳላችሁ ማለት ነው።

ኢ-ካድሄሪን ባይኖርስ? በ1994 ጂኑ የጠፋባቸው የአይጥ ፅንሶች ተጠንተው ነበር። መጀመሪያ ላይ ይጠቀጠቃሉ፤ ምክንያቱም እናቲቱ በእንቁላሉ ውስጥ ያስቀመጠችው ኢ-ካድሄሪን አለ። የእናት ስንቅ ሲያልቅ ግን የውጭኛው ሽፋን በትክክል አይሠራም፤ ፅንሱም ይሞታል። እንዲህ ያለ ውጤት ስታነቡ «ጂኑ ጠፍቶም ሠራ» ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት የእናትን ስንቅ አስታውሱ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው መለያየት አጭር ነው። የውስጥ ሕዋሳት እንደገና በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ናኖግ የሚባለውን ፕሮቲን፣ ሌሎቹ ጋታ6 የሚባለውን ይይዛሉ። ኤፍጂኤፍ4 የሚባለው ምልክት ወደ ጋታ6 ይገፋቸዋል። መጀመሪያ ላይ ተደባልቀው፣ ያለ ሥርዓት ተበትነው ነው የሚታዩት። ቦታቸውን የሚይዙት ከዚያ በኋላ ነው፤ ጋታ6 ያላቸው በፅንሱ ውስጥ ወደተፈጠረው ፈሳሽ የሞላበት ክፍተት ጠርዝ ይወጣሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ ዕጣ ቀድሞ፣ ቦታ ተከትሎ ነው የመጣው። ከመጀመሪያው መለያየት ተቃራኒ ነው። ቀስቱን በሁለቱም አቅጣጫ መሳል ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ማን ወደ ውስጥ ይገባል?

የተደባለቁ ሕዋሳት እንዴት ቦታቸውን ያገኛሉ? በ1907 ዊልሰን የባሕር ስፖንጅን በስስ የሐር ጨርቅ አጥልሎ ሕዋሳቱን በታተነ። ሕዋሳቱ ተሰብስበው እንደገና ስፖንጅ ሆኑ። በ1955 ታውንስና ሆልትፍሬተር ከዚህ በጣም የራቀ ሙከራ አሳተሙ። የእንቁራሪትና የሳላማንደር ዓይነት እንስሳት ፅንስ ሕዋሳትን በአልካላይን ፈሳሽ በታትነው ደባለቁ። ቆዳ የሚሆኑ፣ ነርቭ የሚሆኑና ጡንቻና አጥንት የሚሆኑ ሕዋሳት አንድ ላይ ተቀላቀሉ። ፈሳሹ ወደ ነበረበት ሲመለስ ሕዋሳቱ ተያያዙ፤ ከዚያም ተለያዩ። ቆዳው ውጭ፣ ነርቩ ውስጥ፣ ሌላው በመካከል። ልክ በፅንሱ ውስጥ እንደሚቀመጡት።

ማልኮልም ስታይንበርግ በ1960ዎቹ ለዚህ ቀላል ሕግ አቀረበ። ዘይትና ውሃ ሲደባለቁ እንደሚለያዩት ሁሉ፣ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ሲደባለቁ እርስ በርስ አጥብቀው የሚያያዙት ወደ መሃል ይሰበሰባሉ፤ ላላ ያሉት ዙሪያቸውን ይከብቧቸዋል። በ1996 ከዶሮ ፅንስ የተወሰዱ ሕብረ ሕዋሳት የገጽ ውጥረት ተለካ። የክንድና እግር እምቡጥ ሕዋሳት 20.1 ዳይን በሴንቲ ሜትር፣ ጉበት 4.6፣ የዓይን ሬቲና 1.6 ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሁለቱን ስትደባልቁ ትልቅ ቁጥር ያለው ምንጊዜም ውስጥ ይሆናል። ይህን በወረቀታችሁ ላይ በቁጥር መሰላል ሳሉት፤ ከላይ 20.1፣ ከታች 1.6። ከዚያ ማንኛውንም ጥንድ ምረጡና ውጤቱን ቀድማችሁ ተናገሩ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቃችሁ። «ብዙ ካድሄሪን ያለው ውስጥ ይገባል» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። በዜብራ ዓሣ ፅንስ ላይ የተሠሩ ሥራዎች እንዳሳዩት ሕዋሱ ገጹን የሚያኮማትርበት ኃይል ትልቅ ድርሻ አለው። ካድሄሪን የሚይዝ እጅ ብቻ አይደለም፤ በሚነካካበት ቦታ ላይ ያለውን ውጥረት እንዲቀንስ ለውስጠኛው ክር ይነግራል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ምን ያህል ይያያዛሉ? ምን ያህል ይኮማተራሉ?

የመያያዝ ዓይነትም አለ። በ1986 ሃታና ታኬይቺ ያሳዩት ነገር ለእኔ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ነርቭ የሚሆነው ሰሌዳ ከቆዳው ተለይቶ ሲታጠፍ የሚይዘው ካድሄሪን ይለወጣል፤ ኢ-ካድሄሪን ይቀንስና ኤን-ካድሄሪን ይመጣል። የቆዳው ሕዋሳት ኢ-ካድሄሪንን ይዘው ይቀራሉ። ቱቦው ተዘግቶ ከቆዳው ሲለያይ ሁለቱ ወገኖች በየራሳቸው ይያያዛሉ። በሰው ይህ ቱቦ የሚዘጋው በአራተኛው ሳምንት ነው። በ2020 በዜብራ ዓሣ የአከርካሪ ገመድ ላይ የወጣ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባለው ምልክት የሕዋሱን ዕጣ ሲወስን፣ የካድሄሪኖቹን ድብልቅም አብሮ ይወስናል። ምልክቱ ያልጠራበት ቦታ ላይ ቆሞ ዕጣው ከጎረቤቶቹ የተለየ ሕዋስ፣ በዚህ ድብልቅ አማካይነት ወደ መሰሎቹ ይሄዳል።

መልቀቅም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ስኔል የሚባለው ፕሮቲን የኢ-ካድሄሪንን ጂን ያጠፋል፤ ይህ በ2000 ታይቷል። ጎረቤቱን የለቀቀ ሕዋስ መጓዝ ይችላል። የነርቭ ቱቦው ጫፍ ላይ ካሉት ሕዋሳት አንዳንዶቹ ለቀው ሄደው የፊት አጥንት፣ የቆዳ ቀለም ሰጪ ሕዋሳትና የውጭ ነርቮች ይሆናሉ። ኒኮል ለ ዷረን የድርጭትን ሕዋሳት ወደ ዶሮ ፅንስ እየተከለች ይህን ጉዞ ተከታትላለች፤ የድርጭት ኒውክሊየስ በማይክሮስኮፕ ሥር ከዶሮው ይለያል። በሥዕላችሁ ላይ ለቃቂ ሕዋስ ስትስሉ ቀዩን መስመር ቆርጣችሁ ረዥም ቀስት አውጡለት።

«ተወስኗል» ከማለታችሁ በፊት

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። አንድ ሕዋስ ወደፊት ቆዳ ይሆናል ማለት አሁን ቆዳ ለመሆን ተወስኗል ማለት አይደለም። ሁለት ፈተና አለ።

አንደኛው ነጥሎ ማስቀመጥ ነው። ሕዋሱን ከጎረቤቶቹ አውጥታችሁ ምልክት በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ አስቀምጡት። ያለማንም እርዳታ ወደ ዕጣው ከሄደ ዝንባሌ ይዟል። ሁለተኛው ይበረታል፤ ወደ ሌላ ቦታ መትከል። አዲሶቹ ጎረቤቶቹ ሌላ ነገር ቢሉትም የራሱን መንገድ ከሄደ ያኔ ተወስኗል በሉ።

ሃንስ ሽፔማን በ1918 ያሳተመው ሙከራ ሁለተኛውን ፈተና ከማንም በላይ ያስረዳል። በሳላማንደር ፅንስ ቆዳ የሚሆነውን ክፍል ነርቭ በሚሆነው ቦታ፣ ነርቭ የሚሆነውን ደግሞ በቆዳው ቦታ አስቀመጠ። ፅንሶቹ ገና ለጋ ከሆኑ ቁራጩ የአዲሱን ቦታ ዕጣ ተቀበለ። ዘግይቶ ሲሠራው ግን ነርቭ የሚሆነው ቁራጭ በቆዳ መካከል ሆኖም ነርቭ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው ውሳኔው የሚጸናበት። በ1924 ደግሞ ሽፔማንና ተማሪው ሂልደ ማንጎልድ ከአንድ ፅንስ ትንሽ ቁራጭ ወስደው ሌላው ላይ ተክለው ሁለተኛ አካል አስገኙ። ሁለተኛው አካል በአብዛኛው የተሠራው ከተቀባዩ ሕዋሳት ነው፤ ቁራጩ ጎረቤቶቹን አዝዟቸዋል። ማንጎልድ ጽሑፉ በወጣበት ዓመት በእሳት አደጋ ሞተች። ሽፔማን በ1935 ኖቤል ሲቀበል እሷ አልነበረችም። የሙከራውን ስም ስትጠሩ የሁለቱንም ስም ጥሩ።

ለእያንዳንዱ ሕዋስ በወረቀቱ ላይ ሁለት ሳጥን አድርጉ፤ «ሲነጠል» እና «ሲተከል»። ባዶ ሳጥን ካለ «ተወስኗል» የሚለውን ቃል አትጻፉ።

ልምምድ

ሦስት ሙከራ እሰጣችኋለሁ። መልሱን ከማንበባችሁ በፊት ሥዕሉን ሥሩ። ሳይስሉ ማንበብ እዚህ ላይ ምንም አይጠቅምም።

የመጀመሪያው። ኤል የሚባሉ የአይጥ ሕዋሳት የራሳቸው ካድሄሪን የላቸውም ማለት ይቻላል። ሁለት ወገን አድርጋችሁ ለሁለቱም አንድ ዓይነት፣ ፒ-ካድሄሪን፣ ሰጣችኋቸው፤ ለአንዱ ብዙ፣ ለሌላው ጥቂት። ደባለቃችኋቸው። ምን ይሆናል? መልሱ፦ ይለያያሉ፤ ብዙ ያላቸው ውስጥ ይገባሉ። ስታይንበርግና ታኬይቺ በ1994 ያሳዩት ይህንኑ ነው። ዓይነቱ አንድ ሆኖ መጠኑ ብቻውን ይለያቸዋል።

ሁለተኛው። ከ16 ሕዋስ የአይጥ ፅንስ አንድ ውስጠኛ፣ ሙሉ በሙሉ ቀይ የሆነ ሕዋስ አውጥታችሁ ሌላ ፅንስ ላይ በውጭ በኩል ለጠፋችሁት። ስንት ቀለም ይኖረዋል? መልሱ፦ ነፃ ፊት አገኘ፤ ስለዚህ ሰማያዊ ያበጃል። በዚህ ዕድሜ ገና አልተወሰነም፤ ወደ ውጭኛው ሽፋን መሄድ ይችላል። ያፕን የት እንዳስቀመጣችሁት ተመልከቱ። ፅንሱ ክፍተቱ ሰፍቶ ካደገ በኋላ ብትሠሩት ግን ይህ ችሎታ እየጠፋ ይሄዳል።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ተማሪዎቼን ብዙ ያከራክራቸዋል። ከዜኖፐስ እንቁራሪት ለጋ ፅንስ አናት ላይ ቁራጭ ቆረጣችሁ። ቁራጩን እንዳለ ብታስቀምጡት ቆዳ ይሆናል። ያንኑ ቁራጭ ካልሲየም በሌለበት ፈሳሽ ሕዋስ በሕዋስ በታትናችሁ ለሰዓታት ካቆያችሁት በኋላ ብትሰበስቡትስ? ምንም የጨመራችሁት ምልክት የለም። ብዙዎች «ያው ቆዳ» ይላሉ፤ ሌሎች «ምንም አይሆንም» ይላሉ። ግሩንዝና ታኬ በ1989 ያገኙት ውጤት ግን ነርቭ ነው። ምክንያቱን ከሥዕላችሁ አንብቡ። በተያያዘው ቁራጭ ውስጥ ሕዋሳቱ ቢኤምፒ የሚባል ፕሮቲን ያወጣሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ይቀበሉታል፤ እርስ በርስ «ቆዳ ሁኑ» ይባባላሉ። ሲበታተኑ ቢኤምፒው በፈሳሹ ውስጥ ይቀልጥና ይቀጥናል። ትእዛዙ ሲጠፋ ወደ ነርቭ ያመራሉ። የሽፔማንና የማንጎልድ ቁራጭ የሚያመነጫቸው ኖጊንና ኮርዲን የሚባሉት ፕሮቲኖችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ቢኤምፒውን ይይዙና ከጎረቤት እንዳይደርስ ያደርጉታል። በወረቀታችሁ ላይ ቀዩን መስመር በሙሉ አጥፉና በምትኩ ከእያንዳንዱ ሕዋስ ወደ ፈሳሹ የሚወጡ ትናንሽ ቀስቶች ሳሉ፤ ማንም የማይቀበላቸው ቀስቶች።